ደሴና ኮምቦልቻ ላይ «የአዩርቬዳና የቻክራ ፓኬጅ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ «የአእምሮና የአካል ፈውስ» የሚል ጥቅል ከደሴ እስከ ሐይቅና ወልድያ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ነው። አዩርቬዳ የተባለውን የህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ቻክራ ከሚሏቸው በሰውነት ውስጥ አሉ ከሚባሉ የኃይል ማዕከሎች ጋር ያጣመረ ነው። ሆቴል አዳራሽ ይከራዩና «ነጻ ምርመራ» ብለው ይጠራሉ። የሚሄዱት እናቶቻችን ናቸው። አክስቴ 18,500 ብር ከፍላለች። ይህን የምጽፈውም እሷው «ሌላ ሰው እንዳይገባበት ንገሪ» ስላለችኝ ነው።

ሰውየው ሦስት ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳርፎ ትርታዋን ካዳመጠ በኋላ «ቫታሽ ተዛብቷል» አላት። ይህ እንኳ በአዩርቬዳ ያለ ነገር ነው፤ ቫታ፣ ፒታና ካፋ የሚሏቸውን ሦስት ባሕርያት በትርታ እንለያለን ይላሉ። ቀጥሎ ሰባት ቀለም የተቀባ የሰው ሥዕል ዘረጋ። አረንጓዴው፣ ደረቱ ላይ ጣቱን ቀስሮ «የልብ ቻክራሽ ተዘግቷል፤ ዱቄቱ ብቻውን አይሠራልሽም» አላት። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሰባት ድንጋይና የ«መክፈቻ» ቀጠሮ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ክፍያው በቅድሚያ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ማጣመሩ ነው። ዱቄቱ ካልሠራ ቻክራው ስላልተከፈተ ነው ይባላል። ቻክራው መከፈት አለመከፈቱን ደግሞ ከሻጩ በቀር የሚያውቅ የለም። አክስቴ የእግሯ ማቃጠል አልቀነሰም ብላ ስትሄድ ያገኘችው መልስ ሁለተኛ ፓኬጅ ግዢ የሚል ነው።

ሁለቱን «የ5 ሺህ ዓመት አንድ ጥበብ» እያሉ ነው የሚሸጡት። ሐሰት ነው። አዩርቬዳ ቻራካና ሱሽሩታ በሚባሉ የጥንት ሐኪሞች ድርሳናት ላይ የተመሠረተ የህንድ ሕክምና ሲሆን፣ እነዚያ ድርሳናት በሽታን በሰባት ቻክራ አይመድቡም። ቻክራ የመጣው ታንትራ ከሚባለው የህንድ ሃይማኖታዊ ሥርዓትና ከዮጋ ነው፣ ለተመስጦ። ዛሬ የተለመደው የቻክራዎች አቀማመጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ የሳንስክሪት ድርሰት የተወሰደ ነው፤ ወደ ምዕራቡ ዓለም በሰፊው የገባውም እ.ኤ.አ. በ1919 በእንግሊዝኛ ከታተመ በኋላ ነው። የቀስተ ደመናው ቀለም ደግሞ ምዕራባውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያከሉበት ነው። ህንድ ውስጥ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን 5 ዓመት ተኩል የሚፈጅ ዲግሪ አለ። የኛው ሰውዬ የት ተማርክ ሲባል ያሳየው ከኢንተርኔት ያወረደውን ሰርተፍኬት ነው።

ዱቄቱን አገላብጬ አይቼዋለሁ። ተራ ላስቲክ ነው፤ የአምራች ስም የለ፣ የምርት ቀን የለ፣ የምዝገባ ቁጥር የለ፣ በእስክሪብቶ «ዲቶክስ (ማጽጃ) ጠዋት» ከማለት በቀር። እንደ ኮሶ ጠራርጎ ነው የሚያወርደው። ሌላው ላስቲክ «አሽዋጋንዳ» ይላል። አሽዋጋንዳ እኛ ግዛዋ የምንለው፣ አጥር ሥር የሚበቅለው ተክል ነው። (ቆርጣችሁ ቀቅሉ ማለቴ አይደለም፤ ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል፣ እርጉዝ ሴትም መውሰድ የለባትም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች።)

ከዚህ የከፋም አለ። ከአዩርቬዳ ዘርፎች አንዱ መርዛማ የሆኑትን ሜርኩሪንና እርሳስ የሚባለውን ብረት ጭምር ሆን ብሎ መድኃኒት ውስጥ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሌላ ጥናት ከኢንተርኔት የተገዙ 193 ምርቶች ሲመረመሩም ከአምስቱ አንዱ እንዲሁ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ እነዚህን መድኃኒቶች የወሰዱ 6 ነፍሰ ጡሮች ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ላቦራቶሪ ባለበት አገር የታወቀ ነው። የኛን ላስቲክ ማን መረመረው?

አክስቴ የስኳር ታማሚ ናት። «ኬሚካሉ ኃይልሽን ይዘጋዋል» ብሎ የስኳር መድኃኒቷን፣ ሜትፎርሚኗን፣ አስቆማት። ውኃ ጥሙ፣ የሌሊት ሽንቱ፣ ድካሙ ሲበረታባት «ሰውነትሽ እየጸዳ ነው» እያለ አጽናናት። ጤና ጣቢያ ወስደን ስኳሯ ሲለካ ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። በተቅማጡ ውኃዋ አልቆ ስለነበር ግሉኮስ ሳይሆን ሌላ ፈሳሽ ነው በደም ሥሯ የተሰጣት። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ናት። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁን ማንንም አትስሙ፣ አደራ።

ከዚያ ሁሉ ጓዝ የጠቀማት አንድ ነገር ነው፦ ቁጭ ብሎ በዝግታ መተንፈስ። ከሱብሂ በኋላ ዛሬም ታደርገዋለች፣ እንቅልፏም ተሻሽሏል። ለዚህ የሚከፈል ሳንቲም የለም።

ገንዘቧን ስትጠይቅ «ኃይሉ ስለተላለፈ አይመለስም» አሏት። የከፈለችው በቴሌብር፣ በግለሰብ ስም ነው። ደረሰኝ የተባለውም ማህተም የተመታበት የደብተር ቅጠል ነው፤ የግብር ከፋይ ቁጥር የለውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ለከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ስለ ዱቄቱ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 በነጻ ይደወላል።

ከፍላችሁ ከሆነ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ። የተረፈውን ዱቄትም አትድፉት፤ በላስቲኩ እንዳለ አሽጋችሁ ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡትና ለተቆጣጣሪዎቹ አስረክቡ።