ሺንጁኩ ውስጥ መንገድ ላይ የሚጠራችሁን ሰው ተከትላችሁ እራት አትግቡ

ጃፓን ለመሄድ ትኬት የቆረጣችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ከመነሣታችሁ በፊት አንብቡልኝ። ቶኪዮ ውስጥ ከእህቴ ጋር አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስንገዛና ስንበላ ዋልን፤ ማታ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ የከፈልነው ግን ከዋልንበት ሁሉ በለጠ።

ጠዋት ኡኤኖ ነበርን። አሜዮኮ የሚባለው ገበያ ከባቡር ሐዲዱ ሥርና ጎን የተዘረጋ ነው፤ ደረቅ ዓሣ፣ ለውዝ፣ ጫማ፣ ቅባት፣ የሌለ ነገር የለም። ሻጮቹ ይጮኻሉ፤ ነገር ግን የሚጮኸው ሰው ከዕቃው አጠገብ ቆሞ ነው፤ ዋጋውም በካርቶን ላይ ተጽፏል። ምሳ ራመን የሚባለውን የኑድል ሾርባ በላን። በር ላይ ካለው ማሽን የምግቡን ትኬት ገዝታችሁ ትገባላችሁ፤ በልታችሁ ስትጨርሱ የምትከፍሉት የለም፣ ጉርሻም አይጠበቅም። ከሰዓት በኋላ ለእናታችን ሻይና ጣፋጭ ገዛን። 5,000 የንና ከዚያ በላይ ስለገዛን ፓስፖርት አሳይተን ታክሱ እዚያው ተቀነሰልን። (እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ታክሱን ከፍሎ ከአገር ሲወጡ ማስመለስ ነው።) ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አገሩ አጭበርባሪ እንዳይመስላችሁ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ የን እንኳ ያለአግባብ የወሰደብን ሰው አልነበረም፤ የተዘናጋነውም በዚሁ ነው።

ማታ ሺንጁኩ ውስጥ ካቡኪቾ ወደሚባለው የምሽት መዝናኛ ሰፈር ሄድን። በስልካችን የመረጥነውን ኢዛካያ፣ ማለትም መጠጥና ትንንሽ ምግብ የሚቀርብበትን ቤት፣ ስንፈልግ አንድ ትሑት ወጣት ቀረበን። «እሱ ቤት ሞልቷል፤ የእኛ ቅርንጫፍ ግን ቦታ አለው» አለና በፕላስቲክ የታሸገ ካርድ አሳየን፦ ለአንድ ሰው 1,500 የን፣ ለሁለት ሰዓት የፈለጉትን ያህል መጠጥ። ቤቱ በእርግጥ መሙላቱን ሄደን አላየንም። ያን ያህል አጎንብሶ የለመነንን ልጅ ትቶ መሄድ ከብዶን ተከተልነው። አሳንሰሩ አምስተኛ ፎቅ አወጣን።

እንደተቀመጥን ያላዘዝነው ትንሽ ሳህን ቀረበልን። ይህ ኦቶሺ ይባላል፤ በደህና ኢዛካያም ያለ ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 500 የን ያስከፍላል። የእኛው 800 ነበር። ቀጥሎ እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ምግብ ማዘዝ ግዴታ መሆኑ ተነገረን። ያን ጊዜ ተነሥተን መውጣት ነበረብን። ይሉኝታ ያዘን፤ በሰው አገር ጠብ ፈጣሪ መባልን ፈራን።

ሂሳቡ እንዲህ መጣ፦ መጠጥ 3,000፣ ኦቶሺ 1,600፣ የመቀመጫ 3,000፣ «የቅዳሜና እሑድ ጭማሪ» 2,000፣ ምግብ 6,400። በዚህ ላይ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በላዩም 10 በመቶ ታክስ። ድምሩ 21,120 የን ሆነ። በ3,000 የን ተጋብዘን ገብተን! ካርዱ ላይ ያልነበረው ሁሉ በምግብ ዝርዝሩ የመጨረሻ ገጽ፣ በደቃቅ የጃፓንኛ ጽሑፍ እንደነበረ አሳዩን።

ስንወርድ መንገዱ ላይ የድምፅ ማጉያ ይናገር ነበር። አመሻሹን ሁሉ ስንሰማው ማስታወቂያ መስሎን ነበር። ቆመን ስናዳምጠው «ደላላ አትከተሉ» እያለ ነው። በመንገድ ላይ ደንበኛ እየጠሩ መውሰድ በወረዳው ሕግ የተከለከለ ነው፤ ወጣቱ ግን አሁንም እዚያው ማዕዘን ላይ ሌላ ጥንድ እያነጋገረ ነበር። እህቴ ሄዳ አስጠነቀቀቻቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

እባካችሁ፣ የመረጣችሁት ቤት ሞልቷል ቢሏችሁ በዐይናችሁ ሄዳችሁ እዩ። ዋጋው በር ላይ ያልተለጠፈ፣ ከመንገድ የማይታይ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አትግቡ። ከመቀመጣችሁ በፊት የመቀመጫውን፣ የኦቶሺውንና የአገልግሎቱን ክፍያ በጽሑፍ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ካቅማሙ ውጡ። የደላላውን ካርድ ፎቶ አንሡ። ገብታችሁ ከተያዛችሁ ደግሞ ዝርዝር ሂሳብ ሳታዩ አትክፈሉ። ኮባን የሚባል ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ በየአካባቢው አለ፤ የፖሊስ ስልክ 110 ነው። ከተከፈለ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። አሜሪካ ያለው ባንኬ የባንክ ካርዴን በፈቃዴ ስለሰጠሁ ሊረዳኝ አልቻለም።

በዚሁ ሂሳብ ላይ ሌላም ጉዳት ደርሶብኛል። የካርድ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በየን?» ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጁ እኔን ሳያማክር ዶላርን ነካ። በዚያ ሳምንት አንድ ዶላር ወደ 150 የን ነበር፤ ማሽኑ ግን በ141 መነዘረው። 141 ዶላር ገደማ መክፈል ሲገባኝ 150 ከፈልኩ። ይህ ምርጫ በሐቀኛ ሱቅም፣ በሆቴልም፣ በገንዘብ ማውጫ ማሽንም ይመጣባችኋል። ሁልጊዜ የንን ምረጡ፤ ሠራተኛው ቀድሞ ዶላርን ከነካው ከመፈረማችሁ በፊት ሰርዞ እንደገና እንዲያስገባው ንገሩት።