የፍላይትጊር ሴስና 172ፒ አውቶፓይለት፦ ከጅማ ቦሌ

ፍላይትጊር ገንዘብ የማይጠየቅበት፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ የበረራ ሲሙሌተር ነው። አብሮት በሚመጣው ሴስና 172ፒ ላይ የተገጠመው አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበር መሣሪያ) የቤንዲክስ ኪንግ ካፕ 140 አምሳያ ሲሆን ወቀሳ አያጣውም፦ ሽቅብ እየወጣ ድንገት ይወድቃል፣ ከፍታ ይስታል፣ አቅጣጫ ይጥላል። ከጅማ አባ ጅፋር ማረፊያ ተነስቶ ወደ 140 ናቲካል ማይል የሚሆነውን የቦሌ መንገድ የያዘ ሰው ሦስቱንም በአንድ በረራ ሊያያቸው ይችላል። ከሦስቱ ግን አንዱም የሶፍትዌር ብልሽት አይደለም።

መውደቁን እናስቀድም፤ ጅማ ላይ የሚብሰው እሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል 5,500 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል። ባለ 160 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር በባሕር ወለል ላይ አውሮፕላኑን በደቂቃ 700 ጫማ ያህል ያወጣዋል፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ገና ሲነሳ ቀንሷል። አውቶፓይለቱ ደግሞ ጋዝ አይነካም። ቪኤስ (በደቂቃ ስንት ጫማ እንዲወጣ የሚታዘዝበት) ላይ 700 ካዘዙት አፍንጫውን እያቀና፣ ፍጥነቱን እየበላ፣ እስከ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም እስከሚያቅተው) ድረስ ትእዛዝዎን ያከብራል። በ300 ይጀምሩ። ፍጥነቱ ከ70 ኖት ሲወርድ የታች ቁልፉን ይጫኑ፤ በአንድ ጫን 100 ይቀንሳል። ሚክስቸሩንም (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ነዳጁን ቀንሰው ሳያሳሱ አይነሱ፤ እስከ ጥግ ተገፍቶ መነሳት ለጅቡቲ እንጂ ለጅማ አይሆንም።

ከፍታ የሚያስተው የግፊት ቁጥር ነው። ካፕ 140 የራሱ የግፊት ማስተካከያ አለው፤ አልቲሜትሩን ስላስተካከሉ እሱም ተስተካከለ ማለት አይደለም። አልቲሜትሩ 1023 ሄክቶፓስካል ላይ ሆኖ አውቶፓይለቱ በ1013 ከቀረ፣ 9,500 ጫማ የታዘዘው አውሮፕላን አልቲሜትሩ 9,800 አካባቢ ሲያሳይ ነው የሚቆመው፤ 1 ሄክቶፓስካል 30 ጫማ ገደማ ነውና። ባሮ የሚለውን ተጭነው ወዲያው መዘውሩን ያዙሩና ሁለቱን ያመሳስሉ። አርም (ከፍታውን ለመያዝ ተዘጋጅቷል) የሚለው ምልክት መታየቱንም ይዩ፤ ከሌለ የመረጡትን ከፍታ አልፎ ይሄዳል።

አቅጣጫ የሚጥለው ጋይሮው (አቅጣጫ አመልካች መሣሪያው) ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት ነው። በየ15 ደቂቃው ከኮምፓሱ ጋር ማስተካከል ይበቃል። ካልተስተካከለ ግን 10 ዲግሪ ስህተት ቦሌ ሲደረስ 25 ናቲካል ማይል ያህል ያርቃል።

አፍንጫው ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ከሆነ መጀመሪያ ጆይስቲኩን ነቅለው ይሞክሩ። ርካሽ ወይም ያረጀ ጆይስቲክ እጅ ሳይነካውም ትንንሽ ምልክት ይልካል፤ እሱና አውቶፓይለቱ በአንድ መሪ ይሻማሉ። መድኃኒቱ በጆይስቲክ ማስተካከያው ገጽ የዴድባንድ (ትንንሽ ምልክት ችላ የሚባልበት ክልል) ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው። ሌላው መንስኤ አውሮፕላኑን በትሪም (መሪውን ሳይዙ አፍንጫውን ባለበት በሚያቆየው ማስተካከያ) ሳያረጋጉ አውቶፓይለቱን ማብራት ነው፤ እጅ ሲለቁት ቀጥ ብሎ መብረር ከጀመረ በኋላ ነው ኤፒን (የአውቶፓይለቱን ማብሪያ) መጫን።

እውነተኛው ድክመት ጊዜ ሲፋጠን ይታያል። ጉዞው ከ1 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ማፍጠን ያጓጓል፤ ነገር ግን እጥፉ በጨመረ ቁጥር የአውቶፓይለቱ እርማት እየዘገየ መወዛወዙ ይከፋል። ነጥብ የሚያስቀንሰው ይህና ስክሪኑ ስለ ችግሩ ምንም አለመናገሩ ነው፦ ከ5 4።

መልክዓ ምድሩ በኢንተርኔት እየወረደ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። የጅማንና የቦሌን መስመር ኔትወርክ ደህና ሲሆን አንዴ ቢያወርዱት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ኢንተርኔትም ይበራል።