ልጄን እንዳገኘው ለረዳችኝ የሕግ ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ከፍቺ በኋላ ልጁን ለማየት የሚንከራተት አባት ወይም እናት ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ የምኖረው ሉማሜ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጄ ከእናቱ ጋር ደብረ ማርቆስ ነው። ፍቺው ሲወሰን «አባት ልጁን ይጎበኛል» ተብሏል፤ መቼ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከየት ተረክቤ የት እንደምመልሰው ግን አልተጻፈም። መኪና ተሳፍሬ ሄጄ ከበር የተመለስኩበት ቅዳሜ ብዙ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም አልነበረኝም።

ሰው ጠቁሞኝ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ ስሟን እንዳልጽፍ ነግራኛለች። ራሴ የጻፍኩትን አራት ገጽ ማመልከቻ ተቀብላ፣ ስለ ልጁ የሚናገረውን ብቻ በእርሳስ እያሰመረች አነበበችው። ስትጨርስ የተሰመረው ስድስት መስመር ነው። «ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ስለ እናቱ ነው፤ ዳኛው የሚወስኑት ስለ ልጁ ነው» አለችኝ። አፈርኩ።

ከዚያ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ገልጣ አሳየችኝ። ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት ለካ የልጁ የራሱ ነው! እኔ እስከዚያ ድረስ የምከራከረው ለራሴ መብት ነበር። አዲሱ ማመልከቻ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። የምጠይቀውን ዳኝነት ቁርጥ አድርጌ እንድጽፍ አደረገችኝ፦ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 11፡00 ሰዓት፣ ከአያቱ ቤት ተረክቤ እዚያው ልመልስ፣ የክረምቱ ዕረፍት ለብቻው ይወሰን። ሰዓትና ቦታ ያልተጻፈበት ውሳኔ ሲጣስ አፈጻጸም ላይ እንደሚያስቸግር ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ችሎት የቆምኩት ብቻዬን ነው። በዋዜማው ግን እንደ ዳኛ ሆና አለማመደችኝ። ስንተኛ ክፍል ነው? ሲታመም የት ይታከማል? ማታ ማታ ምን ይፈራል? የመጨረሻውን መመለስ አቃተኝ።

በቀጠሮው ቀን የልጁ እናት ስትናገር ጣልቃ መግባት አማረኝ፤ እንደተመከርኩት ወረቀት ላይ ጽፌ ተራዬን ጠበቅሁ። እሷም ከቅዳሜ ይልቅ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን አለች፤ ተስማማሁ፣ በዚያው ተወሰነ።

ወደዚያ የምትሄዱ የፍቺ ውሳኔውን ግልባጭ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ቀለብ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። እኔ አቅም እንደሌለኝ የሚገልጽ ደብዳቤም ከቀበሌ ወስጃለሁ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። ያቃተኝን ጥያቄ ባለፈው እሁድ ልጄን ጠየቅሁት። የሚፈራው የጅብ ድምፅ ነው።