ሎጂክ አናላይዘር ወይስ ኦሲሎስኮፕ? መጀመሪያ የቱን እንግዛ?

ማይክሮኮንትሮለር (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቺፕ) የሚነካካ ሰው ቴስተር አያጣም። ቴስተር ግን ጥሩ የሚሆነው ቮልቴጁ ረግቶ ሲቆም ነው። በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ መጥቶ የሄደ ችግር ያመልጠዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ግዢ ብዙ ጊዜ ሁለት ዕቃ ላይ ያርፋል፦ የዲጂታል መስመሮችን 1 እና 0 የሚመዘግብ ሎጂክ አናላይዘር፣ ወይም ቮልቴጅ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ በግራፍ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ።

ሐሳቤን ልናገር። ዝግጁ ሞጁል እያገናኛችሁ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ አናላይዘር ግዙ። ቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ራሳችሁ የምትነድፉ ከሆነ ግን ለኦሲሎስኮፕ ገንዘብ አጠራቅሙ።

ርካሹ አናላይዘር 8 ቻናል አለው፤ መጠኑ የክብሪት ቀፎ ያህል ነው። በውጭ ገበያ 10 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፣ ፐልስቪው በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል። መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ሥራ አይቆምም።

ቢኤምኢ280 የተባለውን የሙቀት፣ የእርጥበትና የአየር ግፊት ሴንሰር በአይቱሲ (በሁለት መስመር መረጃ በሚያስተላልፍ ዘዴ) አገናኝታችሁ ፕሮግራሙ «ሴንሰር አልተገኘም» እያለ አደረቃችሁ እንበል። ሁለቱን መስመሮችና ግራውንዱን አናላይዘሩ ላይ ሰኩ። ፐልስቪው ሲግናሉን ወደ ቁጥር ይፈታዋል፤ ኮዱ ሴንሰሩን በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) አድራሻ 77 ብሎ ይጣራል፣ «አቤት» የሚል ግን የለም። የዚህ ሴንሰር አድራሻ የሚወሰነው ኤስዲኦ በምትባለው ፒን ነው። ግራውንድ ላይ ከታሰረች አድራሻው 76 ነው። ኮዱ ላይ አንዲት ቁጥር ቀይሮ መገላገል ነው።

ችግሩ አናላይዘር የሚያውቀው 1 እና 0 ብቻ መሆኑ ነው። ፑልአፕ ሪዚስተሩ (መስመሩን ወደ 1 የሚስበው) ከመጠን በላይ ትልቅ ሲሆን የአይቱሲ ሲግናል ቀጥ ብሎ አይነሳም፣ እያዘገመ ይወጣል። አናላይዘሩ ያንንም አሳምሮ ካሬ አድርጎ ያሳያችኋል። ኦሲሎስኮፕ ላይ ግን ቁልቁለትና ዳገቱ ሁሉ ይታያል።

ኦሲሎስኮፕ ዋጋውን የሚያወጣው ፓወር ላይ ነው። ኢኤስፒ32 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ዋይፋይ ሲከፍት ለቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፕ ይስባል። ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ክፍል) ደካማ ከሆነ 3.3 ቮልቱ ይወርድና ቺፑ ሪሴት ያደርጋል። ቴስተሩን ብትጠይቁት «3.3 ነው፣ ምን ሆናችሁ?» ይላችኋል። ኦሲሎስኮፑን ግን 3 ቮልት ላይ፣ ወደ ታች በሚወርድ ትሪገር (መቅዳት በሚያስጀምር ምልክት) አዘጋጁና ሲንግል የሚለውን ተጫኑ። ቮልቱ ዘቅ ያለበትን ቅጽበት ይዞ ያስቀርላችኋል። ምን ያህል እንደወረደና ስንት ማይክሮሰከንድ እንደቆየ ካያችሁ፣ ካፓሲተር መጨመር ይበቃል ወይስ ሬጉሌተር መቀየር የሚለው በግምት አይሆንም።

ስትገዙ ቁጥሮቹን በጥርጣሬ እዩ። አናላይዘሩ ላይ የተጻፈው 24 ሜጋኸርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ እንጂ የሚችለው ሲግናል አይደለም። እስከ 6 ሜጋኸርዝ ድረስ እመኑት፤ ኤስፒአይ በተባለው ፈጣን የመረጃ ማስተላለፊያ ለሚሠራ ስክሪን አይሆንም። ከ5 ቮልት በላይም አታስነኩት። በኦሲሎስኮፕ በኩል ደግሞ ዲኤስኦ138 የሚባለው ርካሽ ኪት ባንድዊድዙ (በደንብ የሚያሳየው የሲግናል ፍጥነት ጣሪያ) 200 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ለመማሪያ ይሁን፣ ለዲጂታል ሥራ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሪጎል ዲኤስ1054ዜድን የመሰለ 4 ቻናልና 50 ሜጋኸርዝ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፣ ግን ለዓመታት ያገለግላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ግራውንድ ክሊፕ በሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው። ከ220 ቮልት ባልተነጠለ ሰርኪዩት ላይ ካስነካችሁት ዕቃውም እናንተም አደጋ ላይ ናችሁ።

ያገለገለ ካገኛችሁ ሳትከፍሉ በፊት ፕሮቡን (የመለኪያ ሽቦውን) 10 ኤክስ፣ ማለትም ሲግናሉን በአሥር እጥፍ የሚቀንሰው ምርጫ ላይ አድርጋችሁ ፊቱ ላይ ካለው የ1 ኪሎኸርዝ ካሬ ሲግናል መውጫ ጋር አገናኙት። እያንዳንዱን ቻናል በየተራ ሞክሩ። የካሬው ጠርዝ ከተጣመመ የፕሮቡን ትንሽ ብሎን አዙሩ። አልስተካከል ካለ በሌላ ፕሮብ ሞክሩ፤ ያም እምቢ ካለ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ሂዱ።