ፕሮፔን በኪሎ፣ በሊትር ወይስ በኪሎዋት ሰዓት? ለገዢ የሚበጀው የቱ ነው

አንዱ የፕሮፔን (በሲሊንደር የሚሸጥ የማብሰያ ጋዝ) ሻጭ 11 ኪሎ አለኝ ይላል። ሌላው 22 ሊትር። በተመሳሳይ ዋጋ ቢሸጡ ብዙ ሰው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ቁጥሩ እጥፍ ነዋ። ግን በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን የሚመዝነው 0.51 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 22ቱ ሊትር 11.2 ኪሎ ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

እኔ በኪሎ ግዙ ነው የምለው። ሊትር እንደ አየሩ ይለዋወጣል፤ ፕሮፔን ሲሞቅ በጣም ስለሚሰፋ በ30 ዲግሪ ያው 1 ሊትር ወደ 0.485 ኪሎ ይወርዳል። መቅጃው ሙቀቱን አስልቶ የማያስተካክል ከሆነ በሊትር የገዛ ሰው ከ4 በመቶ በላይ ጎደለበት ማለት ነው። ኪሎ ግን ሞቀም በረደም ያው ኪሎ ነው።

ደግሞ ኪሎን ቤታችሁ ታረጋግጡታላችሁ። ሲሊንደሩ አንገት ወይም መያዣ ላይ የባዶው ክብደት ተቀርጿል፣ ቀለም ቢሸፍነውም በጣት ይዳሰሳል። ሚዛኑ 24.3 ካለና የተቀረጸው 13.6 ከሆነ ውስጡ ያለው 10.7 ኪሎ ጋዝ ነው። አለቀ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «26 ሊትር ሲሊንደር» ሲባል የዕቃው መጠን ነው እንጂ የጋዙ አይደለም። ፈሳሹ መስፊያ ቦታ ስለሚያስፈልገው የሚሞላው እስከ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የምታገኙት 10.6 ኪሎ አካባቢ ነው።

በአሜሪካ ጋሎን የተጻፈ ካጋጠማችሁ 1 ጋሎን 1.9 ኪሎ ገደማ ነው፣ በሙቀት 91,500 ቢቲዩ (በአሜሪካ የሚሠራበት የሙቀት መለኪያ) ያህል። በቧንቧ በሜትር ኩብ ለሚቆጠርላችሁ ደግሞ 1 ኪሎ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 0.54 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል።

ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቅመው ጋዝን ከኤሌክትሪክ ጋር ስታወዳድሩ ነው። 1 ኪሎ ፕሮፔን ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፣ 1 ሊትር 7.1። አንዳንድ ወረቀት ላይ ግን ለ1 ኪሎ 12.9 ተብሎ ታያላችሁ። ጋዙ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሲነድ በሚወጣው የውሃ እንፋሎት ውስጥ ያለው ሙቀት መቆጠሩና አለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ 14ን ከ14፣ 12.9ን ከ12.9 ጋር አወዳድሩ። በ14ቱ ሂሳብ 11 ኪሎ 154 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 2.5 ኪሎዋት የሆነ ምድጃ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ወደ 60 ሰዓት ይነድበታል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ሙቀት በድስቱ ጎን ወደ አየር ስለሚያመልጥ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር ቁጥር ለቁጥር አታስተካክሉት።