አባዬን ከስትሮክ በኋላ ሽርጡን በራሱ እጅ እንዲያስር ላደረገችው የድሬ ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና (ፊዚዮ ለምትፈልጉም ጥቆማ)

ሰላም የድሬ ልጆች እንዴት ናችሁ። ይሄንን ፖስት ለመጻፍ ካሰብኩ ከርሜያለሁ፣ ግን ስትሮክ ላይ "ዳነ" ብሎ ቶሎ ማውራት ስለማልወድ ትንሽ ልይ ብዬ አቆየሁት። አሁን አባዬ ጠዋት ጠዋት ሽርጡን በሁለት እጁ ራሱ ያስራል፣ የሻይ ብርጭቆውን በግራ እጁ ይይዛል፣ ስለዚህ በአደባባይ ላመሰግናት የሚገባኝ ሰው አለች፣ ቤት ድረስ እየመጣች ያሰራችው ፊዚዮቴራፒስታችን። ስሟ ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለገች እዚህ አልጽፈውም፣ ለሚፈልግ ሰው ግን ስልኳን በኢንቦክስ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ሆስፒታል ተቀጥራ ነው የምትሰራው፣ ከስራ ሰዓት ውጪና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ቤት ለቤት ትሄዳለች።

አባዬ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ነው፣ ጡረታ ከወጣ ብዙ አመቱ። ደም ግፊት እንዳለበት ያውቃል ግን ኪኒኑን ሲያመው ይወስዳል ሲሻለው ይተዋል። አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ ግራ እጁም ግራ እግሩም አልታዘዝ አሉት፣ አፉ ወደ ጎን ሄዷል፣ ሲያወራ ምላሱ ይተሳሰራል። ምች ነው ዳማከሴ እሹት ያለም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ግን ፊቱን አየና "ጋሼ ሁለቱንም እጅህን አንሳ" አለው፣ ግራው ሲወድቅ "አቦ ይሄ ስትሮክ ነው" ብሎ በባጃጅ ይዞት በረረ፣ ፈጣሪ ይስጠው።

ሲቲ ስካን ተነሳና የደም ስር በረጋ ደም ተዘግቷል፣ ደም አልፈሰሰም ተባለ። ይሄን ልዩነት ያኔ ነው የተማርኩት፣ ለሁላችሁም ስለሚጠቅም ልጻፈው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፣ እሱ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ለፈሰሰ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም፣ ሁለቱን ደግሞ ስካን ሳይነሳ ማንም አይቶ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ዝም ብሎ አስፕሪን ማጉረስም አደገኛ ነው። አባዬን እንቅልፍ ላይ ስለጀመረው መቼ እንደጀመረ አልታወቀም፣ መርፌው አልሆነለትም። እባካችሁ እንዲህ አይነት ነገር ቤታችሁ ቢመጣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ያዙ፣ ሆስፒታል ስትደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ለዶክተሮቹና ለነርሶቹም ምስጋናዬ ይድረሳቸው፣ ከሞት አትርፈውልናል።

ከዛ ቤት ገባን። እግሩ ቀስ በቀስ መጣ፣ በከዘራ መሄድ ጀመረ። እጁ ግን እዛው ቀረ፣ ሆዱ ላይ ታጥፎ ይውላል። ወራት አለፉ፣ እና ሁሉም ሰው የሚለን አንድ ነገር ነበር፣ "ስድስት ወር ካለፈ የቀረው ቀረ ነው፣ ተቀበሉት"። አባዬም ተቀብሎት ነበር መሰለኝ፣ ሸሚዙን እኔ ስቆልፍለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ፊዚዮቴራፒስቷ የመጣችው እዚህ ላይ ነው፣ የሳቢያን ልጅ የሆነች ጓደኛዬ እናቷን ያሰራችላት ስለነበር ጠቆመችኝ። ሌላ ቦታ እንዳየሁት ወዲያው ማሸት ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ ግፊቱን ለካች፣ የስካኑን ወረቀት አነበበች፣ የሚወስደውን መድኃኒት አንድ በአንድ አየች፣ ውሃ አጠጥታ አዋዋጡን አየች። ቀጥላ ግራ እጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "አባባ እስቲ የእጅዎን አንጓ ቀና ያድርጉልኝ" አለችው። ትንሽዬ፣ ለማየት እንኳን የምታስቸግር ቀና ማለት ነበረች። "ይቺ ካለች እንሰራለን" አለች። በኋላ እንዳስረዳችኝ አንጓውና ጣቶቹ በራሳቸው ትንሽም ቢሆን ወደ ኋላ ቀና ማለት ካልቻሉ ልታሰራው ያሰበችው አይነት ልምምድ አይሆንም፣ ሌላ ነው የሚሞከረው። ቀጥላ "በዚህ እጅዎ ምን መስራት ነው የናፈቀዎት?" ብላ ጠየቀችው፣ ይሄን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አባዬ ትንሽ ዝም አለና "ሽርጤን ማሰር" አለ። በአንድ እጅ ሽርጥ እንደማይታሰር ለድሬ ሰው አይነገርም።

ልምምዱ ምን መሰላችሁ፣ ደህናው ቀኝ እጁ ላይ ወፍራም ካልሲ ይጠለቃል። በቃ ይሄ ነው መሳሪያው። ግራ እጁ ተገዶ ይሰራል። ነገሩን ያመጣው ኤድዋርድ ታውብ የሚባል የአላባማ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪ ነው። ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ ስትሮክ የመታው እጅ መጀመሪያ ላይ በእውነት አይሰራም፣ ሰውየው ይሞክራል፣ ይወድቅበታል፣ ይደፋበታል፣ ይናደዳል፣ ከዛ ሁሉንም በደህናው እጁ መስራት ይለምድና በኋላ አንጎሉ ትንሽ አገግሞ እጁ መስራት የሚችልበት ጊዜ ሲመጣ እንኳን እጁን ትቶታል። በ2006 የወጣ ኤክሳይት የሚባል ጥናት አለ፣ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው 222 ሰዎች ላይ የተሰራ፣ ደህና እጃቸው ተሸፍኖ ለሁለት ሳምንት ጠንክረው የሰሩት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፣ ለውጡም ከአመት በኋላ አብሯቸው ነበር። ይሄንን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት፣ ስልኳ ላይ አውርዳ የምታነባቸው ጥናቶች አሉ፣ ድካሟን እያየሁ መቼ ነው የምታነበው እላለሁ። ጥናቱ ላይ ሰዎቹ ከነቁበት ሰዓት 90 ፐርሰንቱን ሸፍነው ነው የሚውሉት፣ አባዬን ግን እንደዛ አላደረገችውም፣ እድሜውንና ሙቀቱን አይታ ሰዓቱን ቀነሰችለት። በከዘራ ሲሄድና ትኩስ ነገር ሲይዝ ደግሞ ካልሲው ይወልቃል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የሚሰራው ለውዝ ነበር። የባቢሌ ለውዝ ሳህን ላይ ይፈስና አንድ በአንድ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እያነሳ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም፣ ሁለቱ ጣቶች ለውዙ ጋ ይደርሳሉ፣ ይገናኛሉ ሲባል ይንሸራተትና መከዳው ስር ይገባል፣ አባዬ ግንባሩ ላይ ላብ፣ ካልሲ ያጠለቀው እጁ ሳያውቀው ላግዝ ብሎ ይነሳል። እሷ ምንም አትልም፣ መዳፏን ካልሲው ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። እንደገና። እንደገና። አንዷ ለውዝ ጣሳው ውስጥ ገብታ ቃ ስትል እናቴ ከጓዳ እልል አለች። ያነሳውን መብላት ተፈቅዶለት ስለነበር እስከዛሬ ለውዝ ቤታችን አይጠፋም።

ለምን ይሄ ሁሉ ድግግሞሽ ብዬ ስጠይቃት፣ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ ባጃጆች በሌላ በኩል ዞረው ዞረው መንገድ እንደሚያወጡት ነው አለችኝ፣ የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም፣ ጎኑ ያለው ነው ስራውን የሚለምደው፣ የሚለምደው ደግሞ ሲመላለሱበት ብቻ ነው። ጣቶቹ ሲደክሙ የቁምሳጥኑን መስታወት አውርደን ግራ እጁ ከኋላው ይደበቃል፣ ቀኙን ከፊት ያንቀሳቅሳል፣ መስታወቱን ሲያይ ግራው የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። ይሄ መጀመሪያ ራማቻንድራን የሚባል ሳይንቲስት በ1990ዎቹ እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች ያመጣው ዘዴ ነው፣ በኋላ ለስትሮክም እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታየ። አባዬ መጀመሪያ "አስማት ነው እንዴ" ብሎ ነበር፣ በኋላ ራሱ ነው መስታወቱን አምጡልኝ የሚለው።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን እውነተኛነቷ ነው። ካናዳ ያለችው እህቴ አዲስ ነገር ባየች ቁጥር ሊንክ ትልክልናለች፣ እኔም ለፊዚዮዋ አስተላልፍላታለሁ፣ አንድም ቀን ሰልችቷት አታውቅም፣ አንብባ ትመልሳለች። ፍሉኦክስቲን የሚባለው የድብርት ኪኒን እጅ ይመልሳል የሚል መጣ፣ እሷ እንዳለችው በ2011 አንድ የፈረንሳይ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር፣ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሰርቶ በ2018 ሲወጣ ጥቅም አላሳየም፣ ጭራሽ የአጥንት ስብራት ጨምሮ ተገኘ። "ድብርት ካለበት ሐኪሙ ይወስናል፣ ለእጁ ብላችሁ ግን እንዳትገዙ" አለችን። ውጭ አገር ሄዶ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ አይነት ሴል መቀየር የሚችል ሴል) መወጋት የሚለው መጣ፣ እሱም ለስትሮክ ገና አልተረጋገጠም፣ ቤት ሸጣችሁ እንዳትሄዱ አለች። እኛ ደግሞ የአባዬን ቦታ ስለመሸጥ በእውነት እያወራን ነበር።

አንዱን ግን እውነት ነው አለች። ደረት ቆዳ ስር ትንሽ መሳሪያ ይቀበራል፣ ሽቦው አንገት ላይ ካለው ቬገስ ከሚባለው ነርቭ ጋር ይገናኛል፣ ታማሚው እጁን ሲያንቀሳቅስ ፊዚዮዋ በተን ትጫናለች፣ ነርቩ አንጎሉን "ይሄን ያዝ" የሚለው ያህል ያነቃዋል። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቅዶታል፣ የተሞከረው ስትሮክ ከመታቸው ቢያንስ 9 ወር ባለፋቸው 108 ሰዎች ላይ ነው። መሳሪያው ከበራላቸው 47 ፐርሰንቱ፣ ካልበራላቸው ደግሞ 24 ፐርሰንቱ ነው በደንብ የተሻሻሉት። እኔ ይሄን ስሰማ ተስፋ ቆርጬ እኛ ጋ የለ ምን ዋጋ አለው ስላት፣ ሁለተኛውን ቁጥር ተመልከቺ አለችኝ፣ ሳይበራላቸው የተሻሻሉትም እኮ ቢያንስ 9 ወር ካለፋቸው በኋላ ነው፣ ያገኙት ልምምዱን ብቻ ነው፣ ልምምዱ ደግሞ ከዚራ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ስድስት ወር ካለፈ የቀረው ቀረ የሚለው ወሬ ከዛ ቀን በኋላ ቤታችን ተወርቶ አያውቅም።

ጥብቅ ናት፣ ይሄንንም እወቁት። አንድ ጠዋት ስትለካው ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ፣ መጥታ ነበርና ትሰራለች ስንል እቃዋን ሰብስባ "ዛሬ ልምምድ የለም፣ ክሊኒክ ነው" ብላ ይዛን ሄደች፣ የዛን ቀን ሂሳብም አልተቀበለችም። የሆነው ነገር ኪኒኑን ለሁለት ቀን ትቶ ከዛ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ተቀምጦ ነበር። ጫት ግፊትም የልብ ምትም እንደሚጨምር ለብቻው አድርጋ ነው የነገረችው፣ ጓደኞቹ ፊት ሳይሆን፣ ለዚህም አመሰግናታለሁ። ከዛ ወዲህ ግፊቱን በየጠዋቱ እየለካን ደብተር ላይ እንጽፋለን። እኛንም አስተምራናለች፣ ዘመድ ሲመጣ አባዬን ለማስነሳት ደካማ እጁን ይዞ መሳብ ልማድ ነው፣ እሱ ትከሻውን ከቦታው ሊያወጣው ይችላል፣ ከወገቡ ነው የሚታገዘው። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ በኃይል የምታሳሹ ሰዎችም ለወጌሻው ክብር አለኝ ግን የስትሮክ እጅ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ችግሩ ጭንቅላቱ ላይ ነው።

አሁን የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ እንደ ድሮው አይደለም። የሸሚዝ የላይኛው ቁልፍ አሁንም ያሸንፈዋል፣ ሲደክመው ጣቶቹ ይጨበጣሉ። እሷም ከመጀመሪያው እንደ ድሮው ይሆናል ብላን አታውቅም። ሽርጡን ግን ያስራል፣ ካርታ ሲጫወት በግራው ይይዛል፣ ባለፈው ለእናቴ ቡና ሲኒ አቀብሏታል፣ እናቴ ሲኒውን ይዛ ስታለቅስ ነበር።

የኛ ፊዚዮ፣ እህቴ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። በዚህ ሙቀት ከስራ ወጥተሽ ምሳሽን ሳትበዪ መጥተሽ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ለውዝ ስትለቅሚ የዋልሽበትን ፈጣሪ በጤናሽ በልጆችሽ ይክፈልሽ። አባዬ "ልጄ" ነው የሚልሽ፣ እኛም እንደዛው ነን።

ለምትፈልጉ ሰዎች፣ ከዚራ፣ ሳቢያን፣ ለገሃሬ፣ መጋላ ትሄዳለች፣ ሐረር ደግሞ አልፎ አልፎ እሁድ ትወጣለች፣ ለሐረር ሰዎች ሁለት ሶስት ቤት ተባብራችሁ ብትጠሯት ይቀላል። ዋጋዋ እንደየቤቱ ስለሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ከሷ ጋር ተነጋገሩ፣ አቅም ለሌለው ሰው እንደምታስብ ግን በአይኔ አይቻለሁ። ጠዋት በስራ ሰዓት ስልክ አታነሳም፣ ቴክስት አድርጉላት፣ ማን እንደታመመ፣ ከያዘው ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ የትኛው ጎን እንደሆነ ጻፉላት። የሲቲ ስካኑን ወረቀትና የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ አዘጋጁ፣ እሱን ሳታይ አትጀምርም። ካልሲና ለውዝ ከናንተ ነው።