ኦፒሲ ወይስ ፒፒሲ? ለመኖሪያ ቤት ሲሚንቶ ለሚገዙ

ቤት የጀመረ ወዳጅ ሁሉ ስለዚሁ አንድ ጉዳይ ስለሚደውልልኝ መልሴን በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ፦ ለግንብ፣ ለልስንና ለወለል ፒፒሲ (ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ፖዞላና ሲሚንቶ) ይግዙ፤ ኦፒሲን (ተራውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለሶሌታና ለኮለን ብቻ ያድርጉት።

ኦፒሲ ቢያንስ 95 በመቶው ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ጓል) ሲሆን፣ በፒፒሲ ውስጥ ግን እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ክሊንከር በሌላ ዱቄት ይተካል። ሕንድ ለዚህ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቿን አመድ፣ አውሮፓም የብረት ማቅለጫ ዝቃጭን ይጠቀማሉ፤ የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ያ አመድ የለንም፣ በምትኩ የስምጥ ሸለቆው ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይፈጫል። ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በ1450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ በመሆኑ አንዱ ቶን 800 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ፑሚስ ግን ያን እቶን አያይም። ፒፒሲ ረከስ የሚለውም በዚሁ ነው።

ሒሳቡን በከረጢት ሳይሆን በሥራው ይሥሩት። ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ 7 ከረጢት ከ10 ኪሎ ይሆናል፤ በከረጢት የ50 ብር ልዩነት ቢኖር በሜትር ኩብ 360 ብር፣ በ30 ሜትር ኩብ 10,800 ብር ማለት ነው። ሻጭ የሚጠራው ዋጋ የፋብሪካ በር ላይ ይሁን ሥራ ቦታ ድረስ፣ የጫኝና አውራጅ ይጨመርበት አይጨመርበት ሳይጠይቁ አይስማሙ።

እኔ የተቃጠልሁት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። አንድ ደላላ ከገበያው ዝቅ ባለ ዋጋ ያመጣልኝ ፒፒሲ የድንጋይ ዱቄት ተቀላቅሎበት፣ ከረጢቱም እንደገና የተሰፋ ኖሮ፣ ልስኑ በወሩ በጥፍር ሲፋቅ ይረግፍ ጀመር። ያተረፍሁት ገንዘብ ለማስፈልፈያው የቀን ሠራተኛ እንኳ አልበቃም። በኦፒሲ ያስለሰንሁት ሌላ ክፍል ደግሞ አልረገፈም፤ ግን ውሃው በቶሎ ስለደረቀበት ግድግዳው በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞላ።

የፒፒሲ ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ጉልበቱን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ውሃ የሚጠጣው ቢያንስ 10 ቀን ነው፤ የሶሌታ ድጋፍ እንጨት ለማንሣት የሚቸኩል ኮንትራክተር ካለዎት ልዩነቱን ከፍለው ኦፒሲ ይግዙለት። የጥንካሬ ደረጃው (በ28 ቀን፣ በሜጋፓስካል) 32.5 የሆነውንም ያለ መሐንዲሱ ፈቃድ በ42.5 ምትክ ሶሌታ ላይ አያስገቡ። ብሎኬት አምራቾች ኦፒሲ የሚመርጡት ምርቱ ቶሎ እንዲነሣላቸው ነውና የእነርሱን ምርጫ ለቤትዎ ልስን መመሪያ አያድርጉት።

ሲረከቡ የከረጢቱን ስፌት ይመልከቱ፣ የምርቱን ቀን ያንብቡ፣ ጥቂቶቹን ደግሞ ያስመዝኑ፤ 50 ኪሎ የተባለው 46 ሆኖ አግኝቼዋለሁና። እጅ ሲከቱበት እንደ ዱቄት ካልሆነና በጣት ተጨፍልቆ የማይፈርስ ጓል ካለው ይመልሱት። ከወር ሥራ በላይም አይግዙ፤ መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ በርካሽ ቢሰጥዎትም ጉልበቱን ለማካካስ የሚጨምሩት ከረጢት ቅናሹን ይበላዋል።